ስለ ድመት ጤና የመጨነቅ ታሪክ፤ ከቡባስቲስ እስከ ለንደን

የግሪኩ ጸሐፌ ታሪክ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ግብፅ ያየውንና የሰማውን ሲጽፍ፣ በአንድ ቤት እሳት በተነሣ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ቃጠሎውን ማጥፋቱን ትተው በዙሪያው ተሰልፈው እንደሚቆሙ፣ የሚቆሙትም ንብረታቸውን ለማዳን ሳይሆን ድመቶቻቸው ወደ ነበልባሉ እንዳይገቡ ለመከልከል እንደ ሆነ፣ ድመቶቹ ግን በሰዎቹ መካከል እየሾለኩ ወይም በላያቸው እየዘለሉ እሳት ውስጥ እንደሚወድቁና ሕዝቡም ስለዚህ ታላቅ ኀዘን እንደሚያዝን ይነግረናል። ድመት በገዛ ሞቷ የሞተችበት ቤተ ሰብ ሁሉ ቅንድቡን እንደሚላጭ፣ ሬሳዋም ቡባስቲስ ወደምትባለው ከተማ ተወስዶ፣ በመድኃኒት ታሽቶ፣ በክብር እንደሚቀበር ይጨምራል። ሄሮዶቱስ የሰማውን ሁሉ አምኖ ይጽፋል እየተባለ ስለሚታማ የእሳቱን ነገር እንዳለ ለመቀበል እኔም እቸገራለሁ፤ ዳሩ ግን ሰው ለሚወደው እንስሳ ሲሳሳ ቤቱ እየነደደ ዓይኑን ከድመቷ ላይ መንቀል እንደሚያቅተው ከዚህ የበለጠ ያሳየ ጸሐፊ አላውቅም።

ከእርሱ በኋላ 400 ዓመት ያህል ቆይቶ ወደዚያው አገር የሄደው የሲሲሊያው ዲዮዶሮስ ደግሞ በዓይኔ አየሁ የሚለውን ይመሰክራል፤ ይኸውም አንድ ሮማዊ ሳያስበው ድመት በመግደሉ ሕዝቡ ቤቱን ከቦ በተነሣበት ጊዜ፣ ከንጉሡ የተላኩት ሹማምንት ልመናም ሆነ የሮማ መንግሥት ፍርሃት ሰውየውን ከሞት እንዳላዳነው ነው። በዚያ ዘመን ሞታ የወደቀች ድመት ያየ መንገደኛ ከሩቅ ቆሞ፣ ሞታ እንዳገኛት እየማለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያለቅስ ነበር። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ግብፃውያንን የርኅራኄ መምህራን አድርጎ እንዳይቆጥር ግን በ1888 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በቤኒ ሐሰን የተገኘው ነገር ያስጠነቅቀዋል፤ በዚያ ስፍራ እጅግ ብዙ የተገነዘ የድመት ሬሳ ከመሬት ወጣና ከእርሱ 19 ቶን ያህሉ በመርከብ ወደ ሊቨርፑል ተጭኖ ለእርሻ ማዳበሪያ ተሸጠ። በየቤተ መዘክሩ የቀሩት ሌሎች የድመት ሬሳዎች በኋላ ዘመን በራጅ ሲመረመሩ፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ገና ሳያድጉ አንገታቸው ተቆልምሞ የተገደሉ እንደ ሆኑ ታየ፤ ለመሥዋዕት ሊሸጡ እንዲረቡ የተደረጉ ነበሩና። ለአንዲቱ ቅንድብ እየተላጨ ለሌላይቱ አንገት ይጠመዘዝ ነበር ማለት ነው።

በእኛ ዘንድ ድመት በጎተራና በማጀት አይጥ አዳኝነቷ ተወደደች እንጂ ሐኪም ሊጠራላት ይገባል የሚል ልማድ አልነበረም፤ በዚህም ብቻችንን አይደለንም፤ የአውሮፓ ባላገርም ለብዙ ዘመን እንደዚሁ ነበርና። የታመመች ድመት የአንድ ሊቅ ሰው ሐሳብ ሆና በመጽሐፍ ስትነሣ የምናገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት ለንደን ውስጥ ነው። ሊቁም መዝገበ ቃላቱን በ1755 ያሳተመው ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ ይህ ሰው አካሉ ግዙፍ፣ ንግግሩ ነጎድጓድ፣ ልቡናው ግን ዕድሜውን ሁሉ በትካዜ የተጠመደና አእምሮዬን አጣለሁ እያለ በፍርሃት የሚኖር ነበር። ሆጅ የሚባለው ድመቱ አርጅቶና ታሞ፣ ኦይስተር ከሚባለው የባሕር ቅርፊት ሥጋ በቀር ሌላ ምግብ አልቀምስ ባለ ጊዜ፣ ጆንሰን አገልጋዩን ፍራንሲስን ልኮ ማስገዛት ሲችል ራሱ እየወጣ ይገዛለት እንደ ነበረ ወዳጁ ወይዘሮ ፒዮዚ በ1786 ባሳተመችው ትዝታዋ ጽፋለች። ምክንያቱም ሰው ሆኖ ለአራት እግር እንስሳ መላላክ የፍራንሲስን ክብር እንዳይነካው በማሰብ ነው ትላለች፤ የጆንሰንን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ቦዝዌል ግን አገልጋዮቹ በድካሙ ተማርረው ምስኪኑን እንስሳ እንዳይጠሉት ፈርቶ ነው ይላል። ድመት አጠገቡ ሲመጣ የሚጨንቀው ይኸው ቦዝዌል አንድ ቀን ሆጅ በጆንሰን ደረት ላይ ሲወጣ፣ ሊቁም ፈገግ ብሎ ጀርባውን ሲያሻሽለት አይቶ መልካም ድመት እንደ ሆነ ቢመሰክርለት፣ ጆንሰን ከዚህ አብልጬ የወደድኳቸው ድመቶች ነበሩኝ ብሎ ከመለሰ በኋላ፣ ሆጅ ሰምቶ ያዘነ መስሎት ቃሉን ቶሎ አቃንቶ አመሰገነው። የመዝገበ ቃላቱ ደራሲ በድመት ፊት ቃሉን እስከ ማረም መድረሱ ደስ ይለኛል።

ይኸው ጆንሰን በ1759 በኢትዮጵያ ልዑል ስም የጻፈውን፣ ሲራክ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ አማርኛ የመለሱትን የራሴላስን ታሪክ ያነበበ ሰው በካይሮ ይኖር የነበረውን የከዋክብት መርማሪ ያስታውሰዋል። ያ ሊቅ ለብዙ ዘመን ብቻውን ሰማዩን ሲመለከት ኖሮ፣ በመጨረሻ ፀሐይና ዝናም በእርሱ ትእዛዝ የሚሄዱ፣ ዓባይም በእርሱ ቃል የሚሞላ መሰለውና ለ5 ዓመት ያህል ይህን ሹመት በምስጢር ተሸክሞ፣ ለአንዱ አገር ዝናም ሲሰጥ ሌላውን እንዳይበድል እየተጨነቀ ኖረ። ያዳነው መድኃኒት ወይም ጠበል አይደለም፤ በክርክርም የረታው አልነበረም፤ የልዑሉ እኅትና ባልንጀራዋ ወይዘሮ ጰቋህ እየመጡ ሲያጫውቱት ሐሳቡ ጥቂት በጥቂት ላላና፣ ብቻውን በዋለ ቀን ግን እንደ ገና ይመለስበት ነበር። ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ የድመቱን ትንፋሽ የሚያዳምጥ ሰው የዚህ መርማሪ ወንድም ነው፤ እኔ ካልጠበቅኋት ትሞታለች ማለትና እኔ ካላዘዝኩት ዓባይ አይሞላም ማለት በመጠን እንጂ በዘር አይለያዩምና። ጆንሰን ይህን ሲጽፍ የራሱን ልብ እያየ እንደ ጻፈ አልጠራጠርም።

ከዚህ በኋላ ያለው 100 ዓመት ለድመት ሕክምና ባዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክሎድ ቡርዥላ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በሊዮን ለማቋቋም በ1761 ፈቃድ ያገኘው፣ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ፣ እኛንም ከ1888 ጀምሮ ክፉ ቀን ላይ የጣለን ያው መቅሠፍት፣ የፈረንሳይን በሬ ይፈጅ ስለ ነበረ ነው፤ በ1791 የተመሠረተው የለንደኑ ኮሌጅም በተለይ ለፈረስ የቆመ ነበር። ድመት ሠረገላ አትስብም፣ ፈረሰኛም አትሸከምም፤ ስለዚህ ባለቤቷ ቢጨነቅም የሚጨነቀው ሐኪም በሌለበት ነበር። በ1871 በክሪስታል ፓላስ የድመት ትርኢት ከተደረገ ወዲህ ነው ድመት ዘሯና ዋጋዋ መቆጠር የጀመረው። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞትና ከመቅደላው ዘመቻ በኋላ ዙላ የምትባል ድመት ወደ እንግሊዝ ገባች ተብሎ በእኛ ስም አቢሲኒያ የሚባለው ዘር የተጠራውም በዚያው ዘመን ነው፤ የዘር ተመራማሪዎች ግን መነሻውን በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይፈልጉታል እንጂ ከእኛ ዘንድ አያደርጉትም። በ1917 ማሪያ ዲኪን በዋይትቻፔል ሰፈር፣ በአንድ ምድር ቤት፣ ያለ ዋጋ የሚያክም ክፍል በከፈተች ጊዜም ድኻው የለንደን ሰው ለታመመች ድመቱ በር አገኘ።

በዚያው ከተማ ከ22 ዓመት በኋላ የሆነውን ግን በችኮላ ማለፍ አይገባም። በ1939 በአውሮፓ በጋ ጦርነት እንደ ቀረበ በታወቀ ጊዜ፣ የአየር ጥቃትን ለመከላከል የተቋቋመው የእንስሳት ኮሚቴ ለባለቤቶች ባሠራጨው ምክር፣ እንስሳውን ወደ ገጠር መላክ እንደሚሻል፣ የሚያኖርበት ያጣ ሰው ግን እንዲሞት ማድረጉ ርኅራኄ እንደ ሆነ ገለጸ። መንግሥት አላዘዘም፤ ከእንስሳት ወዳጅ ማኅበራትም ብዙዎቹ ተቃወሙ፤ ነገር ግን በመስከረም 3 ቀን ጦርነቱ እንደ ታወጀ ሰዎች ድመታቸውንና ውሻቸውን በእቅፍና በቅርጫት ይዘው በየሕክምናው ቤት ደጃፍ ተሰለፉ። ሂልዳ ኪን የምትባለው የታሪክ ሊቅ እንደ መረመረችው፣ በመጀመሪያው ሳምንት በለንደን ብቻ 400 ሺህ ያህል ድመትና ውሻ፣ ማለት ከከተማይቱ የቤት እንስሳ ሩቡ የሚያህለው፣ ተገደለ። አብዛኞቹ ባለቤቶች ጨካኞች አልነበሩም፤ በቦምብ ድምፅ ስትሸበር፣ ከፍርስራሽ ሥር ስትጮኽ፣ በረኃብ ስትማቅቅ በሐሳባቸው እያዩ መታገሥ አቅቷቸው ነው። በለንደን ላይ ታላቁ ድብደባ የተጀመረው ግን በመስከረም 7 ቀን 1940 ነው፤ እነዚያ እንስሳት ከተፈራላቸው አደጋ አንድ ዓመት ቀድመው ሞተዋል። ፍርሃት የፍቅርን ልብስ ለብሶ ሲመጣ ምን ያህል ክፉ መካሪ እንደ ሆነ ከዚህ የከበደ ምስክር አልፈልግም።

ከጦርነቱ በኋላ ዕውቀቱ ሰፋ። በኒው ዮርክ ሉዊስ ካሙቲ የሚባል ሐኪም ሥራውን ለድመት ብቻ ለይቶ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፣ ከአልጋ ሥር የተሸሸጉ በሽተኞቹን እየጎተተ ያክም ነበር። በ1964 ዊልያም ጃሬትና ባልደረቦቹ በግላስጎ የድመትን ደም የሚያበላሸውን የሉኪሚያ ቫይረስ አገኙ። በ1987 ደግሞ የካሊፎርኒያው ፖል ፒዮንና ባልደረቦቹ፣ የብዙ ድመቶች ልብ እየሰፋ የሚደክመው በሚሸጠው ምግብ ውስጥ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ስላነሰ እንደ ሆነ ገለጹ፤ ፋብሪካዎቹ ጨመሩበትና ያ በሽታ ብርቅ ሆነ። ከዚያ በፊት ሌት ተቀን ድመቱን ሲጠብቅ የነበረው ሰው ጥፋቱ በጣሳው ውስጥ ሳለ በንቃቱ ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ዕውቀት ሲበዛ ግን የሚፈራውም ነገር በዛ፤ ቀድሞ ስሙ ያልታወቀ ደዌ ሁሉ ዛሬ ስም አለውና። በ1986 ወርዊክና ሳልኮቭስኪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ስለ ጤና ከመጠን በላይ የሚጨነቁ ሰዎችን መርምረው፣ ደጋግሞ መፈተሽና ደጋግሞ ደህና ነኝ ወይ እያሉ ማረጋገጫ መለመን ለጊዜው ያሳርፍ እንደ ሆነ እንጂ ጭንቀቱን የሚመግበው እርሱ ራሱ እንደ ሆነ አስረዱ። በ2017 ደግሞ በአሜሪካ ሜሪ ቤዝ ስፒትዝናግል የምትባል ተመራማሪ ጽኑ ሕመም ያለበት እንስሳ የሚያስታምሙ ሰዎች ድካማቸውና ትካዜአቸው ከሌላው ባለ እንስሳ ይልቅ የበረታ እንደ ሆነ አሳየች። በዚህ የሚያፍር ሰው ካለ ማፈሩን ይተው፤ ዶክተር ጆንሰንም አላፈረም።

እንግዲህ ይህ ጭንቀት ያለበት አንባቢ ከዚህ ሁሉ ዘመን ልምድ የሚወስደው ነገር ቢኖር ለፍተሻው ወሰን ማበጀት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ይምረጥ፤ ድመቷን አቅፎ በሚዛን ላይ ይቁም፣ ቀጥሎም ብቻውን ይቁምና ልዩነቱን በደብተር ይጻፍ፤ ጤነኛ ድመት ተኝታ ሳለች በደቂቃ የምትተነፍሰው ከ30 በታች ስለ ሆነ እርሱንም በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ቆጥሮ ይተው፤ ቀኑን አብዛኛውን ስለ ተኛች ወይም አንድ ጊዜ ጠጉር ስላስታወከች ሐኪም አይጥራ። ሐኪሙም አንድ ይሁን፤ ከየጎረቤቱ አዲስ ቃል መለመን የሚያተርፈው አዲስ ፍርሃት ነው። ሥጋቱን ብቻውን ይዞ ከመቀመጥም የሚያጫውተው ሰው ወደ ቤቱ ይጥራ፤ ጭንቀቱ ይህን ሁሉ አድርጎ እንቅልፍ ከነሣው ግን ለራሱም ሐኪም ይፈልግ። መቆየት የማይገባባቸው ምልክቶች ጥቂት ናቸው፤ አፏን ከፍታ የምታለከልክ፣ ከአንድ ቀን በላይ እህል ያልቀመሰች ድመት፣ ይልቁንም ደጋግሞ እየተቀመጠ ሽንት ያልወጣለት ወንድ ድመት፣ ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰዱ።