ሙቀት ያልበገረውን ፕላስቲክ ኦክስጅን ሲበላው

ካፕተን የአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ በ1960ዎቹ የሠራው፣ ወርቃማ ቀለም ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው፡፡ እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ስለሚችል መንኮራኩሮችን ለመሸፈን ተመራጭ ሆኗል፡፡ እኔ ግን ሙቀት መቻል ብቻውን ዕድሜ አያረዝምም ባይ ነኝ፡፡

ምድር ላይ ፕላስቲክን የሚያስረጁት አልትራቫዮሌት ጨረርና ኦክስጅን ተባብረው ነው፡፡ ጨረሩ የሞለኪዩሉን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ኦክስጅኑ የተበጠሰው ጫፍ ላይ ይጣበቅና መልሶ እንዳይገጥም ያደርገዋል፡፡ ፕላስቲኩም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፡፡

ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍ ሲባል ደግሞ ነገሩ ይብሳል፡፡ እዚያ ጨረሩ የኦክስጅንን ሞለኪዩል ራሱን ለሁለት ይከፍለዋል፡፡ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ የምትከንፍ መንኮራኩር ከነጠላዎቹ አተሞች ጋር ስትላተም፣ የፕላስቲኩ ካርቦን ወደ ጋዝነት እየተለወጠ ይበናል፡፡

ከማውቃቸው ማስረጃዎች ጠንካራው ኤልዴፍ የተባለችው የናሳ የሙከራ ሳተላይት ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1984 ወደ ህዋ ተልካ በጥር 1990 ስትመለስ፣ በጉዞዋ አቅጣጫ በኩል ያለ መከላከያ የተለጠፉ ስስ የካፕተን ናሙናዎች ተበልተው አልቀው ነበር፡፡

መፍትሔው ምን ሆነ? በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የመጀመሪያዎቹ የፀሐይ ኃይል ክንፎች ላይ ያለው ካፕተን በሲሊኮን ኦክሳይድ ተለበጠ፡፡ ይህ ልባጭ አስቀድሞ ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደ በመሆኑ ለአተሞቹ የሚበሉት አይተውላቸውም፡፡ ይሁንና ልባጩ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ካለችው መበላቱ ከሥር ይቀጥላል፡፡ እዚያ ከፍታ ላይ የተበላሸን መለወጥ ደግሞ ቀላል አይደለም፡፡

ስለዚህ ፕላስቲክ ሲመርጡ «ስንት ዲግሪ ይችላል?» ብቻ ሳይሆን «የት ሊውል ነው?» ብለው ይጠይቁ እላለሁ፡፡