ራስን የመረዳት ምክክር

ሰው ልቡ ወደ ማን እንደሚያዘነብል፣ ወይም በውስጡ የሚሰማው ጾታ ከአካሉ ጋር ለምን እንዳልገጠመለት ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገርበት ሕክምና በአማርኛ ገና የረጋ ስም የለውም። እዚህ «ራስን የመረዳት ምክክር» እንበለው። የመጀመሪያው ጉዳይ ጾታዊ ዝንባሌ፣ ሁለተኛው ጾታዊ ማንነት ይባላል፤ አንዱ ከሌላው አይከተልም። «ማንነት» ሲባል እኛ አገር ቶሎ የሚታሰበው ብሔር ነው፤ የማንነት ጥያቄም የሚቀርበው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ይኼኛው የሚቀርበው ለራስ ነው።

«ምክር» ብቻ ያላልነው መካሪ መልሱን ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ ሽማግሌውም፣ ንስሐ አባቱም፣ ታላቅ ወንድሙም። አዳማ ላይ በኦሮምኛ «ጎርሳ» ቢባልም ያው ነው። ፍተሻ፣ ምርመራ፣ አሰሳ የሚሉት ቃላት ደግሞ ፖሊስ ፖሊስ ይሸታሉ። ነገሩ ሽታ ብቻም አይደለም፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ግብረ ሰዶምን በእስራት ያስቀጣል። አንቀጹ ግን የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ስሜትን ለባለሙያ መናገርን አይጠቅስም። በሥራው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣ ሐኪምም በዚሁ ሕግ ይጠየቃል።

ከባቱ ወይም ከመቂ አዳማ ድረስ የመጣ ወጣት እናስብ። ካርድ ክፍል ስሙ ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ ከወንበሩ አጠገብ የአክስቱ ጎረቤት ልትኖር ትችላለች። ስለዚህ ሲገባ የሚለው «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ነው፤ ቀጥሎ ምናልባት «ቤተሰብ ሚስት አጭተውልኛል»። ባለሙያው «ነህ» ወይም «አይደለህም» አይለውም። ከመቼ ጀምሮ ነው? የሚያስፈራህ የትኛው ነው? ማን ያውቃል፣ ማንስ ማወቅ የለበትም? ወጣቱ ለእናቱ ሊነግራት ቢያስብ አይገፋፋውም፣ አይከለክለውምም፤ በዚያች ማታ የት እንደሚያድርና የቤት ኪራዩን ማን እንደሚከፍል አብረው ያሰላሉ። ጭንቀቱ ግን መታከም አለበት፤ ወጣቱ ስለ ራሱ ምንም ላይ ባይደርስም እንቅልፉ ሊመለስ ይችላል። ብዙው የምክክሩ ሰዓት የሚያልፈውም እንዲህ ባለው ተራ ነገር ላይ ነው።

«ማዳን» የሚለው ሐሳብ እዚህ ውስጥ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌን ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው አዲሱ ዝርዝር ደግሞ የጾታ ማንነት አለመጣጣምን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አንሥቶታል። የአሜሪካ አህጉራት የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ዝንባሌን እንቀይራለን የሚሉ ሕክምናዎች የሕክምና መሠረት እንደሌላቸውና ጤናን እንደሚጎዱ አስታውቋል። ሰውየው በፈቃዱ ጸበል ቢጠመቅ ወይም ቢጸልይ ባለሙያው አይከራከረውም፤ እምነቱ የራሱ ነው። በግድ መጎተት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ራስን የመረዳት ምክክር» የሚል ስም በሩ ላይ የለጠፈ ክሊኒክ አዳማም ሆነ ሻሸመኔ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የሚቀለው ጭንቀትና ድብርት የሚያክም ባለሙያ ዘንድ ገብቶ፣ ዋናው ወሬ ሳይነሣ ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፦ «ካርዴ ላይ ምን ይጽፋሉ? ማንስ ያነበዋል?» ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ባለሙያ ከሆነ፣ የእንቅልፍ መድኃኒቱን ተቀብሎ ቀሪውን ለሌላ ሰው ማቆየት ይሻላል።