ከሰው ወደ አገር የተሻገረ ስም፦ «ጅሌ» በስምጥ ሸለቆ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ ወይም በባቱ የሚኖር ሰው መታወቂያ ሲያወጣ የሚሞላቸው የስም መስመሮች ሦስት ናቸው፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ። ከአያት በላይ ያለው ትውልድ በመንግሥት ወረቀት ላይ ቦታ የለውም፤ ሦስተኛውም ስም ቢሆን ልጅ ልጅ ሲወልድ ከመስመሩ ስለሚወጣ ከሁለት ትውልድ በላይ ተሻግሮ አይዘልቅም። በብሪታንያ አንድ ብርቅ የቤተሰብ ስም ከየትኛው መንደር እንደተነሣና በየዘመኑ ወዴት እንደተሠራጨ የሚጠናው በአንድ ስም የሚጠሩትን ሰዎች በየአጥቢያው ቆጥሮ በካርታ ላይ በማስፈር ስለሆነ፣ ይህ ዘዴ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች በቀጥታ አይበጅም። ሆኖም የቤተሰብ ስም ሌላ አገር የሚሠራውን ሥራ፣ ማለትም ዘመድን ከባዳ መለየትን፣ ጋብቻን መፍቀድንና መከልከልን፣ የሩቅ ወገንን ማሰባሰብን፣ በኦሮሞ ዘንድ የጎሳ ስም ሲሠራው ኖሯል። ከእነዚህ ስሞች መካከል «ጅሌ» በጽሑፍ ከተመዘገበ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ከመሆኑም ሌላ ዛሬ በሁለት የተራራቁ ሥፍራዎች ስለሚገኝ፣ የስም አመጣጥና ሥርጭት እንዴት እንደሚለዋወጥ ለመመርመር የተሻለ ማሳያ ነው።

የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች አብዛኞቹ የጸኑት ኖርማኖች አገሪቱን ከያዙበት ከ1066 እ.ኤ.አ. በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ዓመታት ሲሆን፣ ብዙዎቹ የተወሰዱት ከመንደር፣ ከኮረብታ ወይም ከወንዝ ስም ነው። ሄንሪ ጋፒ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የገበሬዎችን ስም በየአውራጃው ቆጥሮ ብርቅ ስሞች ከመነሻቸው ብዙም እንዳልራቁ አሳይቷል፤ የኋለኞቹ አጥኚዎች ደግሞ የ1881 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራን መሠረት አድርገው ይህንኑ አጠናክረውታል። በእንግሊዝ ስም ከመሬት ወደ ሰው ሄደ ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙ መጀመሪያ የሰዎች ነበር፣ መሬቱ የተጠራበት በኋላ ነው። አካሄዱ እንደ እንግሊዙ ቢሆን ኖሮ ከከተሞቹ ስም ጋር የሰዉም ስም በተለወጠ ነበር፤ አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፣ ባቱ ዝዋይ ተብለው ኖረው እንደገና በቀድሞ ስማቸው ተጠርተዋልና።

የቤተሰብን ስም በሕግ ለማቆም የተደረገ ሙከራ አልጠፋም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጽ እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ አንድ ወይም ከአንድ በላይ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። የቤተ ዘመድ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ ስም ነው። ድንጋጌው ግን ከወረቀት አልዘለለም፤ አንድን ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚያሸጋግር የክብር መዝገብ በሥራ ላይ ሳይውል በመቅረቱ ሕጉ የሚጠይቀው ስም የሚጻፍበት ደብተር አልነበረም። ወሳኝ ኩነቶችን፣ ማለትም ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን፣ በመላ አገሪቱ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን የተጻፈው የተለመደው የሦስት ትውልድ ስም ነው። አርቃቂው ሕዝቡ የሌለውን ነገር እንዳለው አድርጎ መጻፉ ሳያንስ፣ ያለውን ማለትም የጎሳን ስም ሳያየው ማለፉ የሕጉ ትልቅ ጉድለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጎሳ ስም የሚሠራበት መንገድ ከቤተሰብ ስም ይለያል። የኦሮሞ የዘመድ አቆጣጠር ከታች ወደ ላይ ሲሄድ «ወራ» በተባለው ቤተሰብ ይጀምርና «ባልባላ» ወደሚባለው፣ ቃሉ በር ማለት ሆኖ በአንድ አባት የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ወደሚያቅፈው ሐረግ ይወጣል፤ በመጨረሻም «ጎሳ» ላይ ይደርሳል። ማንም ሰው የጎሳውን ስም ከራሱ ስም ቀጥሎ አይጠራም፣ ፊርማው ላይም አያኖርም። ስሙ የሚወጣው ሲጠየቅ ነው፤ የሚጠየቅበትም ዋና ጊዜ ጋብቻ ነው። ሽማግሌ ተልኮ የልጅቱ ቤት ሲደርስ የሁለቱም ወገን አባቶች በየተራ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራሉ፤ ከዚያም ባልባላውና ጎሳው ይነገራል፤ ጎሳው አንድ ሆኖ ከተገኘ ሁለቱ ወጣቶች እንደ ወንድምና እኅት ስለሚታዩ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እንግሊዛዊ ስሙን በየዕለቱ ሲጠራበት ይኖራል፤ የጅሌ ልጅ ግን ጅሌነቱን በዓመት አንዴ እንኳ ላያነሣው ይችላል፣ በሚያነሣው ቀን ግን ከመታወቂያው ይልቅ ይህ ስም ይመዝናል።

የጅሌ ስም በጽሑፍ ከተገኘባቸው ቀደምት ሰነዶች ዋነኛው የጋሞው መነኩሴ አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. ገደማ በግዕዝ የጻፉት አጭር የታሪክ ድርሰት ነው። ባሕርይ ኦሮሞን ቦረናና በረይቱማ በሚሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ከከፈሉ በኋላ፣ ከረዩ ስድስት ልጆች እንደ ነበሩት ይናገራሉ፤ ሊበን፣ ወሎ፣ ጅሌ፣ ኦቦ፣ ሱባና ባላ። በዚህ አቆጣጠር ጅሌ የከረዩ ቤት ነው። ዛሬ በምሥራቅ ሸዋ የሚነገረው የትውልድ ሐረግ ግን ይህን አይልም፤ ጅሌን ከዳጪና ከበቾ ጋር የቱለማ ሦስተኛ ልጅ ያደርገዋል፤ ቱለማ ደግሞ ከሜጫ ጋር የሚቆጠረው በቦረና ወገን ነው። አንዱ ስም በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ከአንዱ ታላቅ ክፍል ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው።

ይህን ልዩነት የባሕርይ ስሕተት ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። የማያስኬደው ግን የጅሌ ነገር ብቻውን አለመሆኑ ነው። ከስድስቱ ስሞች ኦቦ ዛሬ በቱለማ፣ ሊበን በሜጫም በቱለማም ውስጥ ይገኛል። ከስድስት ሦስቱ በአንድ አቅጣጫ መሻገራቸው የጸሐፊ ግድፈት ሊሆን አይችልም፤ በበረይቱማ ሥር የነበሩ ቡድኖች ሸዋ ሲገቡ በአካባቢው ከሠለጠነው ከቱለማ ኅብረት ጋር ተዋውቀውና ተዛምደው ሐረጋቸውን እንዳስተካከሉ መቁጠሩ የተሻለ ፍች ይሰጣል። የካርታው ነገርም ይህንኑ ያግዛል። ጅሌ የሚባሉት ሰዎች የሚገኙት በአንድ በኩል ከዝዋይ ሐይቅ በስተሰሜን በዱግዳና በቦራ እስከ ቆቃና ወንጂ ባለው ሜዳ ሲሆን፣ በሌላ በኩል በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ በሰንበቴ ዙሪያ ባለው በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው የአዋሽ ሸለቆ የከብት መንገድ መካከል ላይ፣ በፈንታሌ ተራራና በመተሐራ አካባቢ፣ የሚኖሩት ደግሞ ከረዩዎች ናቸው። ባሕርይ አባትና ልጅ ያሏቸው ቡድኖች ዛሬም በአንድ ሸለቆ ተከታትለው መገኘታቸው በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። አብሯቸው የተጠቀሰው ወሎ ከዚያው መሥመር ወደ ሰሜን ዘልቆ ለአንድ ሰፊ አገር ስሙን ሰጥቷል።

ለስም ሥርጭት ተማሪ ሁሉ ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ግን የሚከተለው ነው፤ ጅሌ የተባለ ሁሉ ከአንድ አባት የተወለደ አይደለም። ኦሮሞ ባዳን ዘመድ የሚያደርግባቸው ሁለት ሥርዓቶች አሉት። የመጀመሪያው ዛሬ በአማርኛ የሕግ ቋንቋም የገባው «ጉዲፈቻ» ሲሆን አንድን ልጅ እንደ አብራክ ልጅ መውሰድ ነው፤ ሁለተኛው «ሞጋሳ» ነው፣ ይህም በአባ ገዳው አማካይነት አንድን ቡድን በሙሉ በጎሳው ስም፣ መብትና ግዴታ ሥር ማስገባት ነው። ታሪክ ጸሐፊው መሐመድ ሐሰን በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ለነበረው የኦሮሞ መስፋፋት ሞጋሳን ከዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ አድርገው ይጠቅሱታል። በሞጋሳ የገባ ሰው ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ ሐረጉን ሲቆጥር የጎሳውን አባት እንደ ራሱ ይቆጥራል። በብሪታንያም ቢሆን ስምና ደም አንድ ሆነው አይሄዱም፤ የዘረመል ተመራማሪው ብራያን ሳይክስ በ2000 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን የቤተሰብ ስም የያዙ የዮርክሻየር አካባቢ ወንዶችን የዘር ቅንጣት ሲመረምሩ አንድ ዓይነት የአባት ሐረግ የተገኘባቸው ግማሽ የሚጠጉት ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ በእንግሊዝ ስምና ደም የተለያዩት ባብዛኛው ሳይነገር በየጓዳው ሲሆን፣ በኦሮሞ ግን በአደባባይና በሥርዓት መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ውጤት አለ። ፍራንሲስ ጋልተንና ሄንሪ ዋትሰን በ1870ዎቹ በሒሳብ እንዳሳዩት፣ በወንድ ልጅ ብቻ የሚወርድ ስም ከትውልድ ወደ ትውልድ ባለው ዕድል ብቻ እየመነመነ ሊጠፋ ይችላል፤ ብርቅ የእንግሊዝ ስሞች ብርቅ የሆኑትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ወንድ ልጅ የሌለው ሰው በጉዲፈቻ በሚተካበት፣ የሰው ቁጥር የቀነሰበት ጎሳም በሞጋሳ በሚጠናከርበት ሥርዓት ይህ ሒሳብ አይሠራም። የጎሳ ስም ብርቅ የሚሆነው ሰዎቹ ስላለቁ ሳይሆን በአብዛኛው በሌላ ስም ሥር ስለገቡ ነው።

የሃያኛው መቶ ዓመት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር አመጣ። በ1951 እ.ኤ.አ. ኤችቪኤ የተባለው፣ ቀድሞ በኢንዶኔዥያ ይሠራ የነበረው የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ከአዳማ በስተደቡብ በወንጂ ሜዳ 5,000 ሄክታር መሬት ያዘ፤ የስኳር ፋብሪካው በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፣ ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካም በ1962 እ.ኤ.አ. ተከተለ። ሜዳው ባዶ አልነበረም፤ የጅሌዎች ግጦሽና ማሳ ነበር። እነርሱ ሲነሡ የሸንኮራው ሥራ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የመጡ ሠራተኞችን ሰበሰበ። በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኢጣልያ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ውኃ ሲያቁር የወንዙ ዳር ሰፊ መሬት በሐይቁ ሥር ቀረ። ወደ ምሥራቅም ታሪኩ ተደገመ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲከለልና በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ሲቆም ከረዩዎች ከወንዙ ዳር እየተገፉ ወደ ደረቁ ሜዳ ሸሹ። የአንድ ብርቅ ስም ካርታ በአሥራ አምስትና በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲለወጥ በብሪታንያ ታሪክ ምሳሌ ቢፈለግ፣ የሚቀርበው ምናልባት የስኮትላንድ ደጋማ ቤተሰቦች ለበግ እርባታ ሲባል ከመሬታቸው የተነቀሉበት የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዓመት ዘመን ነው።

ከዚህ በኋላ የጅሌ ስም በሁለቱ ሥፍራዎች የደረሰበት ዕጣ መለያየቱ ትኩረት ይሻል። በሰሜኑ ክፍል ስሙ የመንግሥት አስተዳደር ስም ሆነ፤ በመጀመሪያ አርጡማና ጅሌ የሚባል ወረዳ ነበር፣ እርሱ ሲከፈል አርጡማ ፉርሲና ጅሌ ጥሙጋ ተባሉ። በማኅተም፣ በትምህርት ቤት ሰሌዳና በጤና ጣቢያ በር ላይ ተጽፏል፤ ከዚህ በኋላ ጅሌ ያልሆነ ሰው እንኳ «የጅሌ ሰው» ይባላል። በምሥራቅ ሸዋ ግን የአዳና የሊበን ጎሳዎችን ስም የያዙ ወረዳዎች ሲኖሩ፣ ጅሌ የሚል ወረዳ የለም። ስሙን ለከተማ ያስረከበው የገላን ጎሳም የቱለማ አንጋፋ ተብሎ የሚከበር ቢሆንም ዛሬ «ገላን» ሲባል አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያስበው በአቃቂና በዱከም መካከል ያለውን የፋብሪካ ሠፈር ነው። ስም ወደ መሬት ሲሻገር ዕድሜው ይረዝማል፣ ባለቤቱ ግን ይደበዝዛል። የምሥራቅ ሸዋው ጅሌ በወረቀት ላይ ስላልሠፈረ ድንበር አልተሠመረለትም፤ ስሙን የሚያውቀው የሚጠራው ሰው ብቻ ነው።

በአዳማ ከተማ ውስጥ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከተማዋ 220,212 ነዋሪዎች ነበሯት፤ ከእነዚህም ኦሮሞ 39 በመቶ፣ አማራ 34 በመቶ ተኩል፣ ጉራጌ 12 በመቶ ያህል ነበሩ። ቆጠራው ብሔርን ጠየቀ እንጂ ጎሳን አልጠየቀም፤ ስለዚህ በጋፒ ዘዴ የጅሌን ስም በየቀበሌው መቁጠር የሚሻ ሰው የሚይዘው መዝገብ የለውም። በዕድር መዝገብም ቢሆን የሚጻፈው የአባወራው ስም ከነአባቱ ነው፤ ጎረቤትን የሚያሰባስበው አብሮ መቅበር እንጂ የዘር ሐረግ አይደለምና። የጎሳው ስም በከተማ ውስጥ የሚወጣው ከገጠሩ ዘመድ ጋር በሚያገናኘው ሠርግ፣ «ጉማ» በሚባለው የነፍስ ግድያ ዕርቅ ወይም በመሬት ካሣ ክርክር ላይ ነው።

ውጭ አገር የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ያልቻለውን ነገር በኢሚግሬሽን ቅጽ አማካይነት እየፈጸሙ ነው። የሚሞሉት ቅጽ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ የአባት ወይም የአያት ስም ይሞሉበታል፤ ልጆቻቸውም በዚያው ስም ስለሚመዘገቡ ስሙ ከዚያ በኋላ አይቀየርም። በዚህ መንገድ ከመቂ ወይም ከአለም ጤና የሄደ የጅሌ ልጅ በሚኒሶታ የሚያወርሰው የአያቱ የግል ስም ነው፤ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በዚያ አገር መዝገብ የስም ካርታ የሚሠራ ተመራማሪ ቢነሣ የአያቱን ስም ሥርጭት ያገኛል እንጂ ባሕርይ በ1593 የጻፉትን ስም አያገኝም።