አጥንትና መሐንዲስ

የተሰነጠቀ ምሰሶ ሲያጋጥመን እኛ መሐንዲሶች በመጀመሪያ የምናስበው ሸክሙን ስለ ማቃለል ነው። ምሰሶ ራሱን አይጠግንምና ይህ አሠራር ተገቢ ነው። አጥንት ግን ራሱን የሚጠግን፣ ለዚህም ተገቢ ሸክም የሚያስፈልገው ሕያው አካል ነው። ይህን እውነት ለመረዳት የሕክምናና የምሕንድስና ሊቃውንት በየዘመኑ እርስ በርሳቸው ተረዳድተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1866 በዙሪክ ከተማ፣ የሥነ አካል ሊቅ ኸርማን ፎን ማየር የአጥንትን የውስጥ አሠራር ለባልደረቦቹ ሲያሳይ፣ የፖሊቴክኒኩ የምሕንድስና መምህር ካርል ኩልማን ተመለከተው። ኩልማን በጭን አጥንት ራስ ውስጥ ያሉት ስስ ዘንጎች እርሱ ለክሬን ስሌት ከሚነድፋቸው የግፊትና የውጥረት መስመሮች ጋር መመሳሰላቸውን ተገነዘበ። በ1892 የበርሊኑ ሐኪም ዩልዮስ ቮልፍ፣ አጥንት እንደሚያርፍበት ሸክም ቅርጹንና ውስጣዊ አሠራሩን እንደሚለውጥ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ የቮልፍ ሕግ በዝርዝሩ ቢታረምም፣ ሸክሙን የሚለኩ ሕዋሳት በአጥንት ውስጥ እንዳሉ ታውቋል። ስለዚህም ነው ከመጠን በላይ ግትር የሆነ የብረት ድጋፍ፣ ሸክሙን ሁሉ ለራሱ ወስዶ ከሥሩ ያለውን አጥንት የሚያሳሳው።

ይህንን ዕውቀት በተግባር ካዋሉት አንዱ በሳይቤሪያ በምትገኘው በኩርጋን ከተማ የሠራው ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፈው መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው፤ እግርን የሚከቡ የብረት ቀለበቶች፣ አጥንቱን አቋርጠው የሚወጠሩ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ቀለበቶቹን የሚያያይዙ ባለ ጥርስ ዘንጎች። ሕመምተኛው መሣሪያውን እንደ ታሰረ ይራመዳል። ኢሊዛሮቭ የተለያዩትን የአጥንት ጫፎች በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል፣ ያውም ከፋፍሎ ቢያራርቃቸው፣ በመካከላቸው አዲስ አጥንት እንደሚበቅል አረጋገጠ። ፍጥነቱ ሲበዛ አዲሱ አጥንት በሚገባ አይበቅልም፤ ሲያንስ ክፍተቱ ያለ ጊዜው ይገጥማል። በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በከፍታ ዝላይ ያሸነፈው ቫለሪ ብሩሜል በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ተሰባብሮ፣ በ1968 እርሱ ዘንድ ታክሞ ዳነ። ሆኖም የኢሊዛሮቭ ሥራ በምዕራብ አውሮፓ በሰፊው መታወቅ የጀመረው በ1981 በኢጣሊያ ባቀረበው ገለጻ ነው።

በአገራችን ወጌሻ ስብራትን በቀርከሃ ስንጥር ሲያስር በመሠረቱ ይህንኑ ያደርጋል፤ አጥንቱን ይደግፋል፣ ማዳኑን ለአካሉ ይተዋል። ዳሩ ግን ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም ይታገዳል፣ ሥጋውም ይሞታል፤ በዚህ ምክንያት እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ የደረሱ ብዙዎች መሆናቸውን ሐኪሞቻችን መዝግበዋል። ጉድለቱ ከመደገፉ ሳይሆን ከድጋፉ መጠን ነው። መጠንን መለካት ደግሞ የእኛ ሙያ ነውና፣ ለሕመምተኛ የሚሆን ድጋፍ ለመንደፍ የሚነሣ መሐንዲስ ብረቱ የሚሸከመውን ብቻ ሳይሆን ለአጥንቱ ሊተውለት የሚገባውን ሸክም፣ ለደሙም የሚያስፈልገውን መተላለፊያ አብሮ ማስላት ይገባዋል።