«የተዋቀረ ፋይናንስ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ የአምቦ አከፋፋይ ዘይትና ሳሙና ለጉደር፣ ለጌዶና ለባኮ ባለሱቆች በዱቤ ይሰጣል እንበል። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ አዲስ ዕቃ ማምጣት ያለበት ግን ዛሬ ነው። ባንክ ሲሄድ ቤት ወይም መኪና አስይዝ ይባላል። የሒሳብ ሠራተኞች «ተሰብሳቢ ሒሳብ» የሚሉትን የዱቤ ደብተሩን ግን የሚጠይቀው የለም።

ፈረንጆች «ስትራክቸርድ ፋይናንስ» የሚሉት የሕግና የገንዘብ ዘርፍ ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ደብተር ላይ ነው። በአማርኛ «የተዋቀረ ፋይናንስ» ብንለው ያስኬዳል። «መዋቅራዊ ፋይናንስ» የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን አልመርጠውም፤ «መዋቅራዊ ማሻሻያ» ከሚለው ጋር እየተምታታ አንባቢን ወደ መንግሥት ፖሊሲ ይወስደዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጋዴዎች ወይም ባንኮች ወደፊት የሚሰበስቡትን ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ብቻ ለተቋቋመ ኩባንያ ይሸጣሉ። ኩባንያው ያንን መሠረት አድርጎ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ያወጣል፤ ገዢዎቹም በእርከን ይቀመጣሉ። የላይኛው እርከን ቀድሞ ስለሚከፈለው ወለዱ ያንሳል። የታችኛው ኪሳራውን ቀድሞ ስለሚቀበል ከፍ ያለ ትርፍ ይጠብቃል።

የሕግ ባለሙያው ሥራ ሽያጩ እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። አከፋፋዩ ነገ ቢከስር፣ ሌሎች አበዳሪዎቹ የተሸጠውን ሒሳብ ሊነኩት አይገባም። ዳኛው «ይህ ሽያጭ ሳይሆን ብድር ነው» ካለ ግን ገዢዎቹ ከሌላው ባለገንዘብ ጋር ሊሰለፉ ነው። የእርከኑን ስሌት ለፋይናንስ ሰዎች መተው ይቻላል፤ ይህን ጥያቄ ግን ከሕግ ባለሙያ በቀር የሚመልሰው የለም።

በአሜሪካ ጂኒ ሜ የተባለው የመንግሥት ተቋም ዋስትና የሰጠው፣ በቤት ብድር ላይ የተመሠረተ የመጀመሪያው ሰነድ የወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ቀውስ ደግሞ መጥፎ ብድር በእርከን ቢደረደርም መጥፎነቱ እንደማይለቀው ዓለም ሁሉ አየ።

ወደ አገራችን ስንመለስ መሠረቱ ከተጣለ ቆይቷል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 1962፣ ባለገንዘብ ያለ ባለዕዳው ፈቃድ መብቱን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ እንደሚችል ይደነግጋል። የሚያስቸግረው የመያዣው ክፍል ነበር፤ መያዣው በመርሕ ደረጃ ከባለቤቱ እጅ መውጣት ነበረበት። በሬውን ያስያዘ የጀልዱ ገበሬ ታዲያ በምን ይረስ? የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ይህን ለወጠው። ከብት፣ ሰብል፣ ሸቀጥና ተሰብሳቢ ሒሳብ ባለቤቱ እጅ እያሉ መያዣ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋስትናው በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይመዘገባል፤ አበዳሪዎች ቢጋጩ በመርሕ ደረጃ ቀድሞ ያስመዘገበው ይቀድማል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተከተለ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2017 ተከፈተ።

በአምቦም ሆነ በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምትማሩ፣ የሽያጭና የዋስትና ሕግ ኮርስ ስትደርሱ ከኒው ዮርክ ውሎች አትጀምሩ። አንቀጽ 1962ንና አዋጅ 1147ን ጎን ለጎን አንብቡ፤ ከዚያም የአንድ አከፋፋይ የዱቤ ደብተር ተውሳችሁ፣ ቢሸጥ ፍርድ ቤት ሽያጭ ይለው ወይስ ብድር እንደሆነ ተከራከሩበት።