ዜና ትውልድ ዘኩዌት

በዐረብ ምድር በስተ ምሥራቅ፣ በባሕረ ሰላጤው ራስጌ የተቀመጡት የኩዌት ሰዎች አያት ቅድመ አያታቸውን እንዴት እንደ ቈጠሩ፣ ቈጠራቸውም ከወረቀት ጋር እንዴት እንደ ተጣላ የሚናገር ዜና ይህ ነው። ዓመቱን የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የእኛን ዘመን ስንጠራ ግን ዓ.ም. ብለን እንለያለን።

አስቀድሞ ዑቱብ የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ዘራቸው ከዐኒዛ ነገድ ነው ይባላል፤ አገራቸውም የዐረብ መካከል የሆነው ነጅድ ነበረ። ድርቅ በጸና ጊዜ ነጅድን ለቀው ወደ ባሕር ወረዱ፤ ግመል ያረቡ የነበሩትም መርከበኞችና ሉል ጠላቂዎች ሆኑ። የባሕሩ ዳር በዚያ ወራት በበኑ ኻሊድ አለቆች እጅ ነበረና ዑቱብ በእነርሱ ጥላ ሥር ኩዌት ላይ ሰፈሩ። እስከዚህ ድረስ ተራኪው ሁሉ ይስማማል። በየትኛው ዓመት ሰፈሩ ሲባል ግን ምስክሮቹ ይለያያሉ፤ እኛም ምስክሮቹን አንድ በአንድ እንጠራለን።

የመጀመሪያው ምስክር ሸኅ ሙባረክ አል ሰባሕ ናቸው። በ1913 ስለ አገራቸው ወሰን ለእንግሊዞች ሲጽፉ፣ ባዶውን መሬት አያታቸው ሰባሕ ያቀኑት በ1022 ዓመተ ሒጅራ ነው አሉ። ይህም 1613 ነው፤ በእኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠው ሳለ።

ሁለተኛው ምስክር የቱርኮች መዝገብ ነው። በ1701፣ ታላቁ ኢያሱ በጎንደር ሳሉ፣ የባስራው ገዥ ዐሊ ፓሻ ወደ ኢስታንቡል ደብዳቤ ላከ። ዑቱብ በባሕሬን ጠብ ተነሥቶባቸው 150 በሚያህል መርከብ ባስራ ደርሰዋል፤ በዚያም መቀመጫ ይፈልጋሉ ይላል። ከ88 ዓመት በፊት ከተማ ያቀና ሕዝብ ቤተ ሰቡን በመርከብ ጭኖ መቀመጫ ለምን ይለምናል?

ሦስተኛው ምስክር የደማስቆ ሰው ነው፤ ስሙ ሙርተዳ ኢብን ዐልዋን ይባላል። በ1709፣ ዐፄ ቴዎፍሎስ በነገሡበት ዘመን፣ ይህ ሰው ከሐጅ ሲመለስ በኩዌት አለፈ። ከተማዋን በስሟ ጠርቶ ከአል አሕሳ ጋር አስተያያት፤ በሕንጻዎቿና በግንቦቿ ትመስላታለች፣ ግን ታንሳለች አለ። ስንዴውም ሐብሐቡም ከባስራ በመርከብ እንደሚመጣ፣ ምድሪቱም እርሻ እንደማትቀበል፣ የተምር ዛፍ እንኳ እንደሌለባት ጻፈ።

አራተኛው ምስክር ፍራንሲስ ዋርደን ነው። ይህ ሰው በቦምቤይ የእንግሊዝ ኩባንያ ሹም ነበረ፤ የጻፈውም ነገሩ ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1716 ሦስት ወገኖች፣ አል ሰባሕ፣ አል ኸሊፋና አል ጀላሂማ፣ ተባብረው ስፍራውን ያዙ ይላል። የደማስቆው መንገደኛ ግን ከዚያ ሰባት ዓመት ቀድሞ የቆመችውን ከተማ በዓይኑ አይቷል። አብዱልዐዚዝ አል ሩሸይድ በ1926 የኩዌትን ታሪክ በመጽሐፍ ባወጣ ጊዜም ይህ ሙግት አልተዘጋም ነበር።

እኔ ከአራቱ ይበልጥ የማምነው ሙርተዳን ነው። ሸኅ ሙባረክ የጻፉት ወሰን ሲካለል ነበርና ዘመኑ በረዘመ ቍጥር ሙግታቸው ይጸናል። ዋርደን የጻፈው የባሕሩን ገዦች ለይተው ማወቅ ለሚሹ አለቆቹ ነው፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ቃል ከሩቅ ሆኖ ሰበሰበ። ዐሊ ፓሻ ያየው በር ላይ የቆሙትን እንጂ የት እንደሚገቡ አይደለም። መንገደኛው ግን በኩዌት ርስትም ሙግትም አልነበረውም፤ የገበያውን ዋጋ ጠይቆ፣ ውሃውን ጠጥቶ አለፈ።

በትውልድ ቈጠራው ላይ ሌላ ችግር አለ። ሰባሕ ቀዳማዊ የሚባሉት፣ የጃቢር ልጅ፣ ሹመታቸው በተለመደው ቈጠራ ከ1752 ይጀምራል፤ እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ጎንደርን ሲያስተዳድሩ ማለት ነው። ከ1613 እስከ 1752 ድረስ 139 ዓመት አለ። አንድ ሰባሕ ይህን ሁሉ አይኖርም። ወይ ሁለት ሰባሕ ነበሩ፣ ወይ በመካከል ያሉት አባቶች ከሰው አፍ ወድቀዋል። ዘር በቃል የሚቈጥር ሕዝብ ሁሉ ይህ ያገኘዋል፤ የመጀመሪያውን አባት አይረሳም፣ የቅርቦቹን አይረሳም፣ የመካከሎቹ ግን ይጠፉበታል። ውሸት ብሎ የሚፈርድ ሰው የቃልን ጠባይ አላወቀም።

አል ኸሊፋ በ1766 ወደ ዙባራ ሄዱ፤ በ1783ም ባሕሬንን ያዙ። ኩዌት ለአል ሰባሕ ቀረች። በ1896፣ እኛ ዐድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት፣ ሙባረክ ሁለቱን ወንድሞቻቸውን ሙሐመድንና ጀራሕን ገድለው ሹመቱን ያዙ፤ በ1899ም ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1962 ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ሹመቱ በሙባረክ ዘር ይሄዳል ተብሎ በአራተኛው አንቀጽ ተደነገገ። እንግዲህ ለገዥዎቹ የትውልድ ሐረጉ ከአንድ ሰው ጀምሮ በሕግ ተጻፈላቸው፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቃቸው የለም። ስለ ሕዝቡ ግን ዜናው ሌላ ነው።

ከከተማው ወደ ምዕራብ፣ የባሕሩ ክንድ በሚያልቅበት፣ ጃህራ አለች። ሙርተዳ ምድሪቱ አታበቅልም ያለው የከተማይቱን ነው፤ ጃህራ ግን ጉድጓዶች ነበሯትና በዚያ ተምርና ገብስ፣ ለከብትም አልፋልፋ ያበቅሉ ነበር። ዛሬ ወደዚያ የሚወስደው ሰፊ አውራ ጎዳና ነው፤ ግራና ቀኙም ሕንጻ ነው። በዚያ ዘመን ግን በአንድ ወገን የሚያርሱ ሰዎች፣ በሌላ ወገን በበጋው ሐሩር ግመላቸውን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዱ፣ ዝናብ በጣለ ጊዜም ወደ በረሃ የሚመለሱ ዘላኖች ነበሩ። ሁለቱም ጃህራን አገሬ ይሏት ነበር።

በ1920 በግንቦት ወር የነጅድ ተዋጊዎች፣ ኢኽዋን የሚባሉት፣ ኩዌቶችን ሐምድ በሚባል ስፍራ መቱ። ሸኅ ሳሊም፣ የሙባረክ ልጅ፣ ከተማው በግንብ ይከበብ ብለው አዘዙ። የየሰፈሩ ሰው ጭቃ አቦካ፣ ጡብ ተሸከመ፤ በጥቂት ወራትም ከባሕር እስከ ባሕር ቅጥሩ ቆመ። በጥቅምት 10 ቀን፣ በእኛ መስከረም 30 ቀን 1913 ዓ.ም.፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ የኢኽዋን አለቃ ፈይሰል አል ዱዊሽ ጃህራ ላይ ወረደ። ሸኅ ሳሊም ከሰዎቻቸው ጋር በቀዩ ምሽግ ገብተው ተከበቡ፤ ከከተማው በየብስና በባሕር ረዳት እስኪደርስ ድረስም ጸኑ። ቀዩ ምሽግ እስከ ዛሬ በጃህራ ቆሟል።

ይህን ጦርነት በስፋት የተረክነው ከእርሱ የሚከተለው ነገር ስላለ ነው። በ1959 የዜግነት ሕግ ቍጥር 15 ወጣ። በመጀመሪያው አንቀጽ፣ ኩዌታዊ ማለት ከ1920 በፊት በኩዌት የሰፈረና ሕጉ እስከ ወጣበት ቀን ድረስ የኖረ ነው ተባለ፤ የአባቶች መኖር ለልጆች መኖር ይቈጠራል የሚልም ተጨመረ። ኮሚቴዎች ተቀመጡ። ሰውም በፊታቸው እየቀረበ አባቴ እገሌ፣ አያቴ እገሌ፣ በቅጥሩ ሥራ ጭቃ ያቦካ፣ በጃህራ ያረሰ፣ በሉል ጀልባ የጠለቀ ነው እያለ ምስክሩን አቀረበ።

የጎጃምና የበጌምድር ሰው ይህን ነገር ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። በእኛም አገር ርስት ሲጠየቅ ተከራካሪው በዳኛ ፊት ቆሞ ከራሱ ተነሥቶ እስከ ዋናው አባት፣ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው ሰው ድረስ ይቈጥር ነበር። ሁለት ወገን ለአንድ እርሻ ሁለት ሐረግ ይዞ ይመጣል፤ ሽማግሎች ይምላሉ፣ ክርክሩም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ይህ ሥርዓት የቆመው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ በሆነ ጊዜ ነው። ነገር ግን በርስት ክርክር በአባት የጎደለው በእናት ይሞላ ነበር፤ በሴት አያት የሚገባም ብዙ ነበር። የኩዌት ሕግ የሚቈጥረው በአባት ነው። እናቱ የኩዌት ተወላጅ ሆና አባቱ መዝገብ የሌለው ልጅ ያለ ዜግነት ይቀራል፤ ይህን ሳስብ ልቤ ያዝናል።

መዝገቡ ራሱ ከየት ይመጣል? በ1920 ኩዌት የልደት መዝገብ አልነበራትም። ሎሪመር የሚባለው እንግሊዛዊ በ1908 በወጣው መጽሐፉ የከተማውን ሰው 35,000 ያህል ብሎ ገመተ፤ የገመተው ግን በጅምላ ነው፣ የእያንዳንዱን ስም አልጻፈም። የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1957 ነው፤ 206,473 ሰው ተገኘ፣ ከእነርሱም ብዙው ነዳጁን ተከትሎ የመጣ ነበር። ቅጥሩም በዚያው በ1957 ፈረሰ፤ በሮቹ ብቻ ቀሩ።

ወሰኑስ? ኩዌትና ነጅድ የተካለሉት በ1922 በዑቀይር ጉባኤ፣ እንግሊዛዊው ፐርሲ ኮክስ በተገኘበት ነው። ከዚያ በፊት በ1913 እንግሊዝና ቱርክ በወረቀት ያሰመሩት መስመር ሳይጸድቅ ቀርቷል። እንግዲህ ሕጉ ሰውን ከ1920 በፊት በኩዌት ነበርህን ብሎ ሲጠይቅ፣ በዚያ ዓመት የኩዌት ምድር የት እንደሚያልቅ ገና አልተቈረጠም ነበር። የዐኒዛ፣ የሸመር፣ የዘፊር ዘላን በጥቅምት ወር ግመሉን ይዞ ከጃህራ ሦስት ቀን ርቆ ቢገኝ፣ ነበረ ይባላል ወይስ አልነበረም? በቅጥሩ ውስጥ የነበረው ነጋዴ ጎረቤቶቹ ይመሰክሩለታል። የዘላኑ ጎረቤቶች ግን እንደ እርሱ በሦስት አገር ተበትነዋል።

በዚህ ዜና የሚነሡ ሌሎችም አሉ። ሎሪመር በኩዌት በሺዎች የሚቈጠሩ ጥቍሮች እንዳሉ ጽፏል፤ ከፊሎቹ ነጻ የወጡ፣ የቀሩት ባሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን ከሐበሻም ምድር ሰው በቀይ ባሕር እየተሻገረ ወደ ዐረብ ይሸጥ ነበርና ከወገኖቻችን ወደ ባሕረ ሰላጤው የደረሱ አሉ። ነጻ የወጣ ሰው የጌታውን ነገድ ስም ይዞ ይኖራል። የልጅ ልጁ ሐረጉን ሲቈጥር አንድ ቦታ ላይ ደምና ስም ይለያያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው፣ በከፋም ሆነ በወለጋ የቀረው አባት፣ በየትኛውም መዝገብ የለም። ዛሬ በኩዌት፣ በሳልሚያና በሐወሊ፣ በፈርዋኒያም በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ይህን ታሪክ ቢሰሙ መልካም ነው፤ ከእነርሱ በፊት ወደዚያ የደረሱት ቲኬትና ውል አልነበራቸውምና።

ወደ ጃህራ እንመለስ። በ1959 ኮሚቴው ፊት ያልቀረበ ብዙ ነበር፤ አንዱ ፊደል ስላልቈጠረ፣ አንዱ በበረሃ ስለ ነበረ፣ አንዱም በዚያ ወራት ወረቀቱ ምን እንደሚጠቅም ስላልገባው። እነዚህ ቢዱን ተባሉ። ከ1990 በፊት ቍጥራቸው ወደ 250,000 ይገመት ነበር፤ በጦሩና በፖሊሱም ያገለገሉት እጅግ ብዙ ነበሩ። ነሐሴ 2 ቀን 1990 የኢራቅ ጦር ገባ፤ የመንግሥቱም መዛግብት ተዘርፈው ሄዱ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1999 ባወጣው ውሳኔ ቍጥር 1284 እንኳ የኩዌት መዛግብት ይመለሱ እያለ ይጠይቅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቢዱኖቹ ከሥራቸው ተባረሩ፣ ብዙዎችም ከአገር ወጡ። ዛሬ የቀሩት 100,000 ያህል ይሆናሉ፤ የሚኖሩትም በአብዛኛው በጃህራ በተይማ ሰፈር፣ በሱለይቢያና በአሕመዲ ነው። በ2000 የወጣ ሕግ በ1965 ቈጠራ ስማቸው ለተገኘ በዓመት እስከ 2,000 ሰው ዜግነት ይሰጥ አለ፤ የተሰጠው ግን ጥቂት ሆነ። በየካቲት 2011 የተይማ ሰዎች አደባባይ ወጥተው መብታቸውን ጠየቁ።

በሰኔ 2015 በኩዌት በኢማም ሳዲቅ መስጊድ ፈንጂ ፈንድቶ 27 ሰው ሞተ። ከዚህ የተነሣ ቍጥር 78 የሆነ ሕግ ወጣ፤ በኩዌት ያለ ሰው ሁሉ የዘረ መል ናሙናውን ይስጥ የሚል ነበር። ሕጉን ያወጡት ወንጀለኛ ለመያዝ ነው ብለው ነበር፤ ሕዝቡ ግን ዘራችንንና ዜግነታችንን ሊመረምሩበት ነው ብሎ ፈራ። በጥቅምት 2017 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረው። ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ። የደም ምርመራ ይህ የዚያ ልጅ ነው ብሎ ይመሰክር ይሆናል፤ አያቱ በ1920 የት እንዳረሰ፣ ግመሉን በማን ጉድጓድ እንዳጠጣ ግን ደም አይናገርም። እርሱን የሚያውቁት የጃህራ ሽማግሎች ነበሩ፤ እነርሱም ቃላቸው ሳይጻፍ አንድ በአንድ ሞቱ።

በ2024 የዜግነት መዛግብት እንደገና ይመረመሩ ጀመር። በዚያ ዓመትና በተከታዩ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ዜግነታቸው ተሰረዘ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አባታቸው ባልሆነ ሰው መዝገብ ልጅ ተብለው የገቡ ናቸው ተባለ፤ ብዙዎቹ ግን በጋብቻ ዜግነት ያገኙ ሴቶች ናቸው። የአያት ስም ከመዝገብ ሲፋቅ በእርሱ የተቈጠረው ልጅም የልጅ ልጅም አብሮ ይወጣል። በ2025 አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ ተቋቁሞ ማመልከቻ ይቀበል ጀመረ።