የጠገራ ብር ትንፋሽ

በሥራዬ የባንክ ጸሐፊ ነኝና «ብር» የሚለው ቃል ቀኑን ሙሉ ከአፌ አይጠፋም። ቃሉ ግን የገንዘብ ስም ከመሆኑ በፊት የማዕድን ስም ነው። አያቶቻችን ጠገራ ብር ያሉት፣ የማርያ ቴሬዛ ምስልና 1780 የሚል ቁጥር ያለበት ገንዘብ፣ በአገሩ «ታለር» ይባላል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የስሙን ዱካ ስከተል የደረስሁት ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ካለ አንድ ሸለቆ ነው፤ ዮአኪምስታል፣ በእኛ አነጋገር የቅዱስ ኢያቄም ሸለቆ።

በዚያ ሸለቆ በ1516 ብር ተገኘ። ከብሩ የተመታው ገንዘብ «ዮአኪምስታለር» ተባለ፤ ስሙ አጥሮ ታለር ሆነ፤ ዶላርም ከዚሁ ተወለደ። ሸለቆው ስሙን ለዓለም ሲያበድር ቆፋሪዎቹ ግን ትንፋሻቸውን ይከፍሉ ነበር።

በ1527 የከተማዋ ሐኪም ሆኖ የመጣው ጌኦርጊዮስ አግሪኮላ ይህን አስተዋለ። ከሞተ በኋላ፣ በ1556 በታተመው መጽሐፉ፣ ደረቁ ብናኝ ሳንባ ገብቶ እንደሚያቆስል ጻፈ። በካርፓቲያ ተራሮችም ሰባት ባል አግብተው ሰባቱንም ይኸው ሕመም የነጠቃቸው ሴቶች እንዳሉ መዘገበ። ሰባት ጊዜ ከል መልበስ! ከዚያ ገጽ አልፌ ለመሄድ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

አግሪኮላ ያላየው ነገር ግን ነበር። ብናኙ ብቻውን አልነበረም። በ1879 ሁለት ሐኪሞች፣ ሄርቲንግና ሄሰ፣ ከተራራው ማዶ በጀርመን ሽኔበርግ ቆፋሪዎቹን የሚገድለው የሳንባ ዕጢ መሆኑን አሳወቁ። በ1898 ደግሞ ማሪና ፒየር ኩሪ ከዮአኪምስታል በመጣ የዩራኒየም ድንጋይ ውስጥ ራዲየምን አገኙ። ራዲየም ሲፈራርስ ራዶን የተባለ፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ይወልዳል። የራዶን ልጆች ብናኝ ላይ ተሳፍረው ሳንባ ይገባሉ፤ እዚያም ጨረራቸውን ይረጫሉ። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም ራዶንን በ1988፣ የሲሊካን ብናኝ በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ መደባቸው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ ባይቀር እወዳለሁ። በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ፣ በ2008 ኦፓል ከተገኘ ወዲህ ወጣቶች ገደሉን በእጃቸው እየፈለፈሉ ዋሻ ይገባሉ። ኦፓሉን ያቀፈው የእሳተ ገሞራ ዐለት ሲሊካ የበዛበት ነው። ራዶንም ከየዐለቱ በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል፤ ነፋስ ከሌለ ግን ይጠራቀማል።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። አግሪኮላ ለአፍና ለአፍንጫ መሸፈኛ ጨርቅን፣ ወደ ጉድጓዱ አየር የሚነዱ ማራገቢያዎችንና ወናፎችን በሥዕል ጭምር አሳይቷል። የኋላ ዘመን ሰዎች ዐለቱን በውኃ እያረጠቡ መብሳትን ጨመሩበት። ወናፍ ከእኛም አንጥረኛ ደጅ ጠፍቶ አያውቅም። እንግዲህ የኦፓሉን ኅብር የምናደንቅ ሁሉ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት፣ የወጣበት ዋሻ ነፋስ ይገባው እንደሆነ ብንጠይቅ ምናለበት?